ሐዘን ላይ ያለ ቤት አይጠየቅም

«ለዓሣ ብላ የባሏን ሞት ደበቀች» ይሏታል። እዚህ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ሻይ ከሚጠጡት ጀምሮ ሰቨን ሲስተርስ ፀጉር እስከሚሠሩት ድረስ ይህን ያላለ ሰው አላገኘሁም። አንዳንዱ እየሳቀ ይለዋል፣ አንዳንዱ እያማተበ። የሚያማትቡት ይብሱብኛል። ነገሩን ከጀመረበት እስካለቀበት ስለማውቀው፣ ዝም ማለትም ስለማልችልበት፣ እጽፈዋለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ።

ኣረጋሽ የተወለደችው ከምጽዋ በስተደቡብ፣ መርሳ ሻዲን በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቷ ከደጋ ወርዶ ጨው የሚዝቅ ሠራተኛ ነበር። እንደነሱ ያሉ የክርስቲያን ቤቶች በመንደሩ ጥቂት ነበሩ፤ የቀረው ሙስሊም ነው። ባሕሩ ሁሉንም ያበላ ስለነበር ሃይማኖት ቆጥሮ የሚጣላ አልነበረም። አማርኛዋን የተማረችው ምጽዋ፣ በጃንሆይ ዘመን ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬም ስትናገር የዚያን ጊዜ የንባብ መጽሐፍ ትመስላለች። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። ትልቁ ትምህርቷ ሌላ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ጭቃው ላይ ወጥታ ሸርጣንና ዛጎል ትለቅም ነበር። የትኛው ይነሳል፣ የትኛው ይተዋል፣ እንቁላል የያዘችው ሸርጣን በምን ትታወቃለች፤ ይህን እናቷ በእጇ እየመታች ነው ያስተማረቻት።

የሌላ ጨው ሠራተኛ ልጅ የሆነውን ገረዝጊሄርን አገባች። እሱ ጨው ንቆ ወደ መረብ የሄደ ሰው ነው። ጦርነቱ ምጽዋ ሲደርስ በጀልባ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ለንደን። ለንደን ዓሣ አጥማጅ አትፈልግም። ገረዝጊሄር የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ሲያጥብ ጡረታ ወጣ፤ ኣረጋሽ ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ቢሮ ስታጸዳ ጉልበቷ አለቀ። ከካሌዶኒያን ሮድ ጀርባ ካውንስሉ በሰጣቸው ፍላት አንዲት ልጅ አሳደጉ፤ ፍልሞናን። እሷ አግብታ ሊድስ ትኖራለች።

ኣረጋሽን የማታውቁ ካላችሁ ቅዳሜ ሰቨን ሲስተርስ ዓሣ መሸጫው ፊት ብትቆሙ ታውቋት ነበር። የዓሣውን የጉንጭ ክዳን ገልጣ ታያለች፣ አንስታ በመዳፏ ትለካለች፣ ከዚያ ሻጩን ትሳደባለች። «ይሄ እኮ ገና ጡት አልጣለም። ምን ብታስብ ነው የሸጥከው?» ሻጩ አማርኛ አይሰማም። እሷም አማርኛ ባይሰማም መስማት አለበት ባይ ናት። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስቃል። ከሳቀው አብዛኛው ያንኑ ጡት ያልጣለ ዓሣ በኪሎ ገዝቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

መርሳ ሻዲን አጠገብ ባሕሩ ወደ ምድር ገብቶ የሚተኛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ፤ ኾር ይሉታል። ዙሪያውን ሥሩን ጨው ውኃ ውስጥ የተከለ ዛፍ ከቦታል። ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለውም፣ ጫጩቱ አድጎ ወደ ትልቁ ባሕር የሚወጣውም ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ የውጭ መርከቦችም የመንደሩ ጀልባዎችም እየተጋፉ ጠራርገውት ነበር። መንደሩ ተራበ። ያኔ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ኾሩን ዘጉት፤ መረብ አይገባም፣ ዛፉም አይቆረጥም። ይህን ያዘዛቸው መንግሥት አልነበረም፣ ያስተማራቸውም ድርጅት አልነበረም። ረሃብ ነው ያስተማራቸው። ከዓመታት በኋላ ዓሣው ተመለሰ። ከኾሩ ተርፎ የሚወጣውን ጀልባ ያለው ከውጭ ያጠምዳል፣ ጀልባ የሌላት ሴት ዳር ዳሩን ጭቃ ላይ ትለቅማለች። የኣረጋሽ ታናሽ እህት ቅዱሳን ከነዚህ ሴቶች አንዷ ናት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ጭቃው ነው ያላት።

ሕጉ እንዲህ ነው። ኾሩን ለመክፈት የመንደሩ ቤት ሁሉ ይጠየቃል። ወደ ውጭ የተሰደደም ቤት ቢሆን ይጠየቃል፤ ከጉድጓዱ ጠጥቶ ያደገ ድምፁ አይነጠቅም። አንድ ቤት «ይቆይ» ካለ ይቆያል። አንድ ብቻ። ያላገባች ሴት ግን ለራሷ ቤት አትባልም፣ በዘመዷ ቤት ትቆጠራለች። ይሄኛው ክፍል ያናድደኛል፤ ባሕሩን ቀን ከቀን የሚያዩት እነሱ ሆነው ድምፃቸው የሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቅዱሳን ድምፅ ለንደን ነበር፤ በእህቷና በገረዝጊሄር ቤት።

ሌላም አለ። ሐዘን ላይ ያለ ቤት እስከ አርባው ድረስ አይጠየቅም። ባሕር ባሏን የወሰደባት ሴት በንዴት «ባሕሩን አራቁቱት» ልትል ትችላለች፣ ወይም በፍርሃት «ለዘላለም ዝጉት»። ያዘነ ሰው በባሕር ላይ አይፈርድም ብለው ነው። ሲሰሙት መልካም ይመስላል።

ካቻምና ማዕበል መንደሩን መታው፤ የጉድጓዱ የውኃ ሞተር ተበላሸ፣ ውኃውም ጨው ገባበት። ልጆች ታመሙ። በዚህ ጊዜ አንድ የዓሣ ነጋዴ ብቅ አለ። ኾሩን ለአንድ ወቅት ክፈቱልኝ፣ እኔ በበረዶ መኪናዬ ዓሣውን እጭናለሁ፣ ለእናንተ አዲስ ሞተር አስገባለሁ አለ። ዘንድሮ ካልሆነ ሌላ መንደር እሄዳለሁ ብሎም ጨመረ። ነጋዴው የፍረዘጊ ሚስት ወንድም ነው። ፍረዘጊ ደግሞ ሰቨን ሲስተርስ ሱቅ ያለው፣ እኛ የመርሳ ሻዲን ልጆች በለንደን ያቋቋምነው ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ለንደን ያለነው ቤቶች አራት ነን። ፍረዘጊ ከራሱ ሌላ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አሳመነ። መንደሩም እሺ አለ፤ ልጁ የታመመበት ሰው ምን ይበል? የቀረው የገረዝጊሄር ቤት ነበር።

ገረዝጊሄር ስትሮክ ከመታው ወዲህ አልጋ ላይ ነው፤ ግራ ጎኑ አይታዘዝም፣ ንግግሩ ይጎተታል። ፍረዘጊ ፍራፍሬ ይዞ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ጋሼ እያለ ብዙ አወራ፤ ሰው የሚለው እውነት ሲኖረው ድምፁ እንዴት ይለሰልሳል። ልጆቹ ጨው እየጠጡ ነው፣ ዓሣው ተደላድሎ ይዋኛል፣ ይሄ ነው ጽድቅ? አለ። ውሸት አልነበረውም። እውነቱ ግን ግማሽ ነበር።

ገረዝጊሄር አፉን ለማስተካከል ጊዜ ወሰደ። «ሞተሩን እኛ እንግዛላቸው» አለ። «አራት ቤት ነን። ሁላችን ሠራን።»

ፍረዘጊ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርበዋለሁ አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ የተነጋገርነው የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል አዳራሹ የት ይሁን፣ ዘፋኝ ይምጣ አይምጣ በሚል ነው። ዘፋኝ ይምጣ ተባለ። ሞተሩን ያነሳ የለም። ለንደን ተቀምጠን የአንድ መንደር ጉሮሮ ማርጠብ አቅቶን አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ባሕር ላይ መክፈል ቀሎን ነው።

ኣረጋሽ ያን ቀን በር ድረስ ሸኘችን። ፍረዘጊ ደረጃው ላይ ሆኖ፣ «እትዬ ኣረጋሽ፣ እርስዎ ይምከሯቸው» አላት።

«ምን ብዬ?»

«አንድ ወቅት ነው። ተመልሶ ይዘጋል።»

«አንድ ወቅት» አለች፤ «የወለደች ላም አንድ ቀን ብቻ ትታረድ እንደማለት ነው። እስቲ ከዚያ እለባት።» በሩን ዘጋችው።

መንደሩ የሚጠየቅበት ቀን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የመንደሩ ሽማግሌ ሸኽ አኑዋር ምጽዋ ወርደው ስልክ ይደውላሉ፤ እኛም ካሌዶኒያን ሮድ ሻይ የምንጠጣበት ካፌ ጓሮ ባለው ክፍል ተሰብስበን በስፒከር እንመልሳለን።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጧት ገረዝጊሄርን ትንፋሽ አጠረው። አምቡላንስ ወሰደው፤ ቀትር ላይ ሆስፒታል አረፈ። ነርሷ ልብሱንና ጫማውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሰጠቻት። ኣረጋሽ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጮህ ነበረባት። የኛ ሴት ባሏ ሲሞት ኮሪደር አይታያትም፣ ሆስፒታል አይታያትም። እሷ ግን ድምፅ አላወጣችም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አፏን ልትከፍት ስትል ቅዱሳን ታየቻት፤ ጎንበስ ብላ ጭቃ ስትቆፍር። ዛሬ ከጮህኩ ዓርብ አልጠየቅም አለች በልቧ። ካልተጠየቅሁ «ይቆይ» የሚል ቤት የለም። አርባው እስኪወጣ ኾሩ ባዶ ሆኖ ያልቃል።

ከረጢቱን ይዛ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ሄደች።

ፍልሞና ማታውን ከሊድስ ደረሰች። እናትና ልጅ ምን እንደተባባሉ ከሁለቱም ሰምቻለሁ። ልጅቷ ለሰውም ለቄሱም እንንገር ትላለች፣ እናቷ እስከ ዓርብ የለም ትላለች።

«እማ፣ ዲስ ኢዝ ናት ኖርማል። አባዬ እኮ ነው። ቢያንስ ቀሺ ተክለአብን ቴክስት ላድርጋቸው።»

«ማንንም አታደርጊም።»

«ስለ ዓሣ ነው ይሄ ሁሉ? ሲርየስሊ?»

«ስለ አክስትሽ ነው» አለቻት። «አክስትሽ የምትበላው እዚያ ነው። አባትሽ እስከ መጨረሻው በዚያች በተጣመመች አፉ ‹ይቆይ› ሲል የነበረው ለማን መሰለሽ? ዓርብ ሳልናገርለት ከቀረሁ ሁለተኛ ገደልኩት።»

ልጅቷ ተሸነፈች። ተስማማች አልልም፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ የውኃውን ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች።

ረቡዕ ኣረጋሽ እንደ ወትሮዋ ወጣች። ካልወጣች ይጠረጠራልና። ሰላም ያሏትን ሁሉ ሰላም አለች፤ ባልሽ እንዴት ነው ሲሏት ደህና ነው አለች። ሐሙስ ከሰዓት ፍረዘጊ ሁለት ሴቶች አስከትሎ፣ ሾርባ አስይዞ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ መጣ። የመጨረሻ ልመናውንም ሊያቀርብ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ በሰውነቷ ሞላችው።

«እንቅልፍ ወስዶታል፤ አልቀሰቅሰውም» አለች።

ሴቶቹ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን አሉ። አይሆንም አለች። በኛ ዘንድ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከበር መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ከሴቶቹ አንዷ ሾርባውን ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ ትዕቢትሽን አብረሽ ጠጪው ብላት ሄደች። ኣረጋሽ ሾርባውን አስገባች። አልጋው ተነጥፎ ባዶውን ነበር።

ከዚያ ያደረገችውን ነው ለንደን ይቅር ያላላት። ሐሙስ ማምሻውን ሰቨን ሲስተርስ ሄዳ ፀጉሯን ተሠራች። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ቀን። ሐዘንተኛ ፀጉሯን ትፈታለች፤ እሷ ዓርብ ሰው ፊት ስትቆም ማንም እንዳይጠረጥራት ሹሩባ አስደረገች። ፀጉሯን የምትሠራት ቲጂ ቀልደኛ ናት። ሰርግ ያለብን መሰለኝ፣ ጋሼ ገረዝጊሄር ሌላ እንዳያዩ ነው? ብላት ነበር። ኣረጋሽ መስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለች። ቲጂ በኋላ ይህን ስታወራ፣ የሬሳ ሚስት ነው ስሠራ የነበረው አለችኝ።

ዓርብ ካፌው ጓሮ ተሰበሰብን። ኣረጋሽ ነጭ ነጠላዋን ባለ ሰማያዊ ጥለቱን ለብሳ መጣች። ፍረዘጊ ስልኩን መሐል ጠረጴዛ ላይ አደረገው። መስመሩ ሁለቴ ተቋርጦ በሦስተኛው የሸኽ አኑዋር ድምፅ መጣ። ሰማንያ ያለፉ ሰው ናቸው፤ ኾሩ ሲዘጋ የመጀመሪያዋን ድንጋይ የተከሉት እሳቸው ናቸው። በልባቸው እንዲከፈት እንደማይፈልጉ ሁላችን እናውቃለን። ጠያቂ ግን አይመርጥም።

ሕጉ ጥያቄው ሁለት ነው ይላል። መጀመሪያ ቤቱ ሙሉ ነው ወይ ይባላል፤ ሐዘን የለበትም ወይ ማለት ነው። ከዚያ ነው ስለ ኾሩ የሚጠየቀው። ሦስቱ ቤቶች ተጠየቁ፤ ሙሉ ነው፣ ይከፈት፤ ሙሉ ነው፣ ይከፈት፤ ሙሉ ነው፣ ይከፈት። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ተራው ደረሰ።

«ኣረጋሽ ልጄ፣ ገረዝጊሄር የለም?»

«ደክሞታል፤ እኔ እናገራለሁ።»

«ቤትሽ ሙሉ ነው?»

አየኋት። እጇ ነጠላዋ ስር ነበር። ፍረዘጊ ቀና ብሎ አያት።

«ሙሉ ነው» አለች።

«ኾሩስ?»

«ይቆይ።»

ሸኽ አኑዋር የፈጣሪን ስም ጠርተው አመሰገኑ፤ ይቆያል አሉ። ፍረዘጊ ስልኩን አነሳና አንዲት አሮጊት አንድ መንደር ውኃ አስጠማች ብሎ ወጣ። ኣረጋሽ ወንበሯ ላይ ቀረች።

ቅዳሜ ጧት መርዶው ተነገረ። አለቀሰች፤ አራት ቀን ያጠራቀመችውን አለቀሰች። ቤቱ ሞላ፣ ከፊንስበሪ ፓርክም ከሌላውም መጡ። ያን የተረገመ ሾርባ ያመጣችው ሴት ሳትቀር እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ኾሩ እስከ ዛሬ በዓሣ ሙሉ ነበር።

ግን አንድ ያላሰበችው ነገር ነበር፤ የኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት። ለቀባሪው፣ ለሆስፒታሉ፣ ለካውንስሉ ወረቀት ሁሉ ማክሰኞ ማለቷ ችግር አልነበረውም፤ እነሱ መርሳ ሻዲንን አያውቁም። አርባን ነው የረሳችው። አርባ ከሞተበት ቀን ይቆጠራል። ቀሺ ተክለአብ እሑድ ማታ ቤቷ መጥተው፣ ጸሎቱን ሲጨርሱ፣ አርባውን እንድይዝ መቼ እንዳረፈ ንገሪኝ አሏት። ደጋ የተወለዱ ሰው ናቸው፤ የባሕሩን ሕግ አያውቁም።

ቅዳሜ ብትል ያልቅ ነበር። ፍልሞና አጠገቧ ነበረች፤ በዓይኗ በይ በይ ትላታለች። ኣረጋሽ ዓይኗን ወደ ቄሱ መለሰች። ከዚያ «ማክሰኞ» አለች።

ለምን ብዬ ጠይቄአታለሁ፤ ተቆጥቼም ጠይቄአታለሁ። ለሰው የዋሸሁትን እሸከማለሁ አለችኝ። የሱን ነፍስ ግን በተሳሳተ ቀን መንገድ ላይ አላቆምም። በሰማይ ቤት የቀን መቁጠሪያ ይዞ የሚያጣራ ያለ ይመስል! አልኳት። አልተቀየመችኝም። አንተ አርባ ዓመት አብረኸው አልኖርክም ብቻ ነው ያለችኝ።

ቀሺ ተክለአብ በደግነት፣ ሰው እንዲዘጋጅ ብለው፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አርባው የሚውልበትን ቀን አወጁ። ፍረዘጊ ምእመናኑ መሐል ቆሞ ነበር። ጣቱን ሲያጥፍ አየሁት። ወደ ኋላ ቆጠረ፣ ደገመና ቆጠረ፤ ሁለቴም ከዓርቡ በፊት ባለው ማክሰኞ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይወጣ፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር፣ ምጽዋ ደወለ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር። ግን ደወለ።

በሁለተኛው ቀን ሸኽ አኑዋር እንደገና ተደወለላቸው፤ እንደገና ካፌው ጓሮ፣ እንደገና ስፒከር። አሁን ኣረጋሽ በጥቁር ልብስ ነበረች፤ ሹሩባው ተፈትቷል።

«ኣረጋሽ፣ ቤትሽ ሙሉ ነው ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

«እውነቱን ብነግርዎ ይጠይቁኝ ነበር?»

 

«አልጠይቅሽም ነበር» አሉ።

«እንግዲያስ።»

«እኔም አንድ ሰው ‹ይቆይ› እንዲለኝ ነበር ዱዓ የማደርገው» አሉ ሽማግሌው። «ሕጉን ግን ለዛሬ ብዬ ከሰበርኩት ነገ ኾሩን በምን እዘጋዋለሁ?»

እንግዲህ ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሐቁም ነው ባሕሩን ያስበላው። ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የሐዘን ቤት ቃል ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ኾሩ ይከፈታል። ቤቱ ሙሉ ነው ብሎ የዋሸ ደግሞ ከእንግዲህ አይጠየቅም። የገረዝጊሄር ቤት፣ ከነቅዱሳን፣ ከጉባኤው ወጣ። ከኛ ከሦስቱ ቤቶች ቃላችንን እንመልስ ያለ አልነበረም። ሦስታችንም ጠረጴዛውን ነበር የምናየው።

ኾሩ በሳምንቱ ተከፈተ። የሆነውን ቅዱሳን ለእህቷ በስልክ ነግራታለች። የነጋዴው ብቻ ሳይሆን ስሙን የማያውቁት መንደር ጀልባም መጣ፤ አንዴ ከተከፈተ ማን ይከለክላል። ዓሣው እንቁላል እንደተሸከመ ወጣ። ዛፉን ለመረብ ካስማ ቆረጡት። መጨረሻ ላይ መረቡ የሚያወጣው ጣት የሚያህል ዓሣ ነበር፤ እሱንም ለከብት መኖ ብለው ጫኑት። ከዚያ የበረዶው መኪና ሄደ።

ሞተሩ መጣ። ይሄንንም እጽፋለሁ፤ ፍረዘጊን ስለማልወደው እውነት አላጣምም። ሞተሩ ይሠራል፣ ውኃው ጣፋጭ ነው፣ ልጆቹም ድነዋል። የሚበሉት ነው የጠፋው። ጀልባ ያላቸው ወንዶች ዓሣውን ፍለጋ ወደ ሩቅ ባሕር ሄዱ። ጭቃው ላይ የሚለቅሙት ሴቶች ሁለት ወር ያህል ባዶ ጭቃ ቆፈሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ምጽዋ ገቡ፤ ሰው ቤት ልብስ ያጥባሉ። ቅዱሳን የመጨረሻዋ ነበረች። ምግብ ቤት ጓሮ ሳህን ታጥባለች፤ የምትተኛውም እዚያው ነው።

የገረዝጊሄር አርባ በትክክለኛው ቀን ተደረገ። ፍልሞና ለመቶ ሰው ምግብ አዝዛ ነበር፤ የመጣው ሃያ አይሞላም። ውሸታም ቤት አንበላም ያለው ብዙ ነው። ቲጂ መጣች። ፍረዘጊም መጣ፤ ለምን እንደመጣ እሱ ያውቃል፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳህኑን አልነካም። ኣረጋሽ ራሷ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ብላ» አለችው። «ለእሱ ነፍስ ነው።»

በላ። እሷም እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው፤ ሳህኑን ተቀብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰቨን ሲስተርስ አትሄድም። የምትገዛውን ፍልሞና ከሊድስ ሆና በስልክ ታዝዝላታለች።

ባለፈው ወር መንደሩ እንደገና ተሰበሰበ። ኾሩ ይዘጋ ወይ የሚል ነበር ጥያቄው። ሸኽ አኑዋር ቤት በቤት ጠሩ፤ ቤት በቤትም ይዘጋ ተባለ። ፍረዘጊ «ይዘጋ» አለ፣ ጮክ ብሎ። እኔም አልኩ። የገረዝጊሄር ቤት አልተጠራም። ከዚያ ሽማግሌው፣ መረብ የሚያስገባ ሌባ ሲመጣ የሚያይና የሚጮህ ጠባቂ ማን ይሁን ብለው ጠየቁ። ድሮ ጠባቂ የሚባል ሰው ተሹሞ አያውቅም። የሚጠብቁት ሴቶቹ ነበሩ፤ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ጭቃው ላይ ስለነበሩ ሳያዩት የሚያልፋቸው ጀልባ አልነበረም። አሁን እዚያ ዳርቻ የቀረች ሴት የለችም።

ካፌው ጓሮ በስፒከሩ ሽማግሌው ጥያቄውን ደገሙት፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ፍረዘጊ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሻይ አዘዘ።